የጅብራ ሜዳ ጭስ

ጅብራ ሜዳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለባንቺአየሁ ነጋ፤ አዲስ አበባ።

የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ይጠብቅሽ። እኔ አክስትሽ ይመኙሽ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ጉልበቴም ቢሆን ዳገት ስወጣ ነው የሚያጉረመርመው፤ እዚህ አገር ደግሞ ዳገት ያልሆነ ቦታ የለም። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ሌላ መገናኛ ስለሌለን በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል ይህን ጽፌያለሁ። ልጄ ጌትነት በአይሱዙው ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ያደርስልኛል።

ሹመትሽን የሰማነው በቄስ አስናቀው ራዲዮ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ደጀ ሰላሙ ላይ እንደተቀመጥን ዜና የሚያነበው ሰውዬ ስምሽን ከነአባትሽ ጠራው። «ሚኒስትር ዴኤታ» አለ። ዴኤታ የሚሉት ምን እንደሆነ አንዳችንም አላወቅንም። አያ ባህሩ «ከሚኒስትር ዝቅ፣ ከሌላው ሁሉ ከፍ ያለ ነው» ብሎ አስረዳን። ሴቱ እልል ሲል እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። እናትሽ ይህን ሳታይ መቅረቷ ቆጨኝ።

አያ ባህሩማ የተሾመው እሱ ራሱ ነው የሚመስለው። ደባርቅ ለፈተና ስትሄጂ በበቅሎው ያደረሰሽ እሱ አይደል? «ሚኒስትሯን ኮርቻ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» እያለ ያላፊ አግዳሚውን ጆሮ አደንቁሮታል። ጎንደር ስታስተምሪ፣ ወረዳ የሴቶች ጉዳይ ሲያስገቡሽ፣ ዞን ስትወጪ፣ ምክር ቤት ስትገቢ፣ በየጊዜው ይህችኑ በቅሎና ጠፍሯ የቆረጠውን ጣቱን ሲያወሳ ነው የኖረው። በቅሎዋ ሞተች እንጂ እሷም በኮራች ነበር።

ለራሴ የምጠይቅሽ የለኝም። የጤና ኬላችንን ጣሪያ ግን ነፋስ ወስዶት እስከ ዛሬ እንደተከፈተ ነው። ክረምት ክረምት እየመጣሽ ፊደል ያስቆጠርሻት እንኳየሁ ነፍሰ ጡር ናት፤ በጥር ትወልዳለች ይላሉ። ጣሪያ በሌለው ቤት ምጥ እንዳይዛት ብታስቢበት ሸጋ ነበር።

ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ወጣ፤ ገብሱም እንደ አምናው አይደለም። አንቺ ግን ለዚህ አታስቢ፤ እኛ ለምደነዋል።

አክስትሽ ይመኙሽ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

እናትም አክስትም ለሆንሽኝ ለእታለም ይመኙሽ፤

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ ቤትሽን በበረከት ትጎብኝልኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቢሮዬን ዘግቼ ነው። ስለ በቅሎዋ ያልሽው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። መልሱ የዘገየው በስብሰባ ብዛት ነው። ከአንዱ ወጥቼ ወደ ሌላው ስገባ የበፊቱ ስለ ምን እንደነበረ እረሳዋለሁ።

ስለ ሥራው ምን ልንገርሽ? ቢሮዬ እንደ እኛ አውድማ ሰፊ ነው። ሾፌር አለኝ። ቦርሳዬን ሳይቀር የሚሸከምልኝ ሰው አለ፤ «ተወው፣ እኔው እይዘዋለሁ» ስለው ቅር ይለዋል። ስብሰባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስናገር ወረቀት ያገላብጣሉ። ስጨርስ አንዱ ወንድ ያንኑ ያልኩትን መልሶ ሲለው «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይሉታል። እስኪለምዱኝ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ።

አሁን ግን አንድ ሥራ ተሰጥቶኛል። በእኛ ደጋ ድርቅ ገብቷል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ወሬ ነው የሚሉም አሉ። አለቆቼ «አንቺ የዚያው አገር ልጅ ነሽ። ሄደሽ አይተሽ ንገሪን፤ የምትዪውን እናምናለን» አሉኝ። እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ከጋዜጠኞች ጋር እመጣለሁ፤ ጅብራ ሜዳንም እናያለን።

እታለም፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ካሜራ ስላለ የሚያየን አገር ነው። ቤቱን ሸጋ አድርጊልኝ፤ ሰዉም ደኅና ደኅናውን ይልበስ። አብረውኝ የሚመጡት የእኛን ኑሮ የማያውቁ ናቸው፤ ቤታችንን እንዲንቁብኝ አልፈልግም። የጤና ኬላውንም ነገር አልረሳሁትም።

ልጅሽ ባንቺአየሁ

አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ይመኙሽ፤

የጥምቀቱ በረከት ይድረስሽ። ከጅብራ ሜዳ እንደተመለስኩ አንድ ደብዳቤ ልኬልሽ ነበር፤ መልስ የለም። ጌትነትን ብጠይቀው «እጇ ላይ ሰጥቻታለሁ» አለኝ። ወይ ተቆጥተሽኛል፤ ወይ ጉልበትሽ ብሶብሻል። ይህ ሁለተኛዬ ነው።

እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። መኪናዎቹ ጉብታው ላይ ሲደርሱ ከየጣሪያው ጭስ ሲወጣ አየሁና ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ «ድርቅ የተባለው ይህ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እንኳየሁ ቤት ስገባ ድስቱ ተጥዶ ሲንተከተክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠላውም ቆሎውም ተመስግኗል። አያ ባህሩ በነጭ ጋቢው ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ በቅሎዋ ሲያወራ ብታዪው፤ በዜናው ላይ ቆርጠው አወጡት እንጂ።

ዜናውን በቄስ አስናቀው ራዲዮ ሳትሰሙት አትቀሩም። «ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፤ ድስት ተጥዷል። የተራበ ሕዝብ እሳት አያነድም» አልኩ። አለቆቼ እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል ከሰማን ቆይተናል አሉኝ። አሁን ስናገር ወረቀት የሚያገላብጥ የለም። እታለም፣ ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ። ቤቱን እንዲያ አሳምረሽ ባትቆዪኝ ምን ይዤ እመለስ ነበር?

እባክሽ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ። እንኳየሁ ተገላገለች ወይ?

ልጅሽ ባንቺአየሁ

ጅብራ ሜዳ፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለባንቺአየሁ፤

አምላክ ዕድሜውንም ልቡንም ይስጥሽ። ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እስከ ዛሬ ያልመለስኩት ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ የምጽፈው አሳፍሮኝ ነው። እጀምረዋለሁ፣ እተወዋለሁ። እንግዲህ ልንገርሽ። ያየሽው ጭስ የባዶ ድስት ጭስ ነው።

ዝናቡ በነሐሴ ተቆረጠ፤ የተረፈውን ገብስ ውርጭ መታው። በጥቅምት ስጽፍልሽ ጎተራችን ባዶ ነበር። «ለዚህ አታስቢ» ያልኩሽ በሹመትሽ ሰሞን እሮሮ ይዤ መምጣት ነውር መስሎኝ ነው። ከዚያ እመጣለሁ አልሽ። ቤቱን ሸጋ አድርጊልኝ አልሽ። እኔም ሴቱን ሰበሰብኩና «ልጄን በሰው ፊት እንዳታሳፍሩብኝ፤ ማንም እጁን እንዳይዘረጋ፤ ድስት ጥዳችሁ እሳት አንድዱ» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ምነው እንቢ ባሉኝ።

ከብቱ ቀድሞ ወደ ቆላ ወርዶ ስለተሸጠ ኩበት እንኳ አልነበረም። አያ ባህሩ ሞፈሩን ፈልጦ አነደደው። «ዘር የለኝ፣ በሬ የለኝ፣ ሞፈር ምን ያደርግልኛል? ለባንቺ ጭስ ይሁናት» አለ። እንኳየሁ ወሯ ገብቶ እያቃሰተች ውኃ ቀድታ ጣደች፤ ሲንተከተክ የሰማሽው እሱ ነው። የቆረጠማችሁት ቆሎና የጠጣችሁት ጠላ ከየቤቱ ለዘር ተቀምጦ ከነበረው ገብስ ነው። እናንተ ስትሄዱ እሳቱን አጠፋነው።

ድስቱን ባለመክፈትሽ አልወቅስሽም። እንግዳ የሰው ድስት አይከፍትም፣ ነውር ነው ብዬ ያሳደግኩሽ እኔው ነኝ። ልጅ ሳለሽ የጎረቤት ድስት ከፍተሽ እጅሽን የመታሁሽ ትዝ ይለኛል። ግን ልጄ፣ በሰባ ሰባት ድርቅ እናትሽ የሞተች ጊዜ አንቺን በምን ነበር የማባብልሽ? ውኃ ጥጄ «ሊበስል ነው፣ ትንሽ ጠብቂ» እያልኩ አይደለም እንዴ? ሌላው ቢስት አንቺ ይህን ጭስ ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር። ያን ዕለት ዓይን ዓይንሽን ሳይ የዋልኩት ለዚህ ነው። አንቺ ካሜራውን ታዪ ነበር።

አሁን የወረዳው ሰው መጥቶ «ሚኒስትሯ ራሳቸው አይተው የመሰከሩት ነው» ብሎ ጅብራ ሜዳን ከእርዳታው አወጣው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጣሪያውን ተይው። «ያየሁት ልክ አልነበረም» ብለሽ ተናገሪ። ካሻሽም «አክስቴ አታለለችኝ» ብለሽ ስሜን ጥሪ። ማፈሩን እችለዋለሁ።

እንኳየሁ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ጡቷ ግን አልሞላላትም።

አክስትሽ ይመኙሽ

ጄኔቫ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ይመኙሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ይህን የምጽፍልሽ ለጉባኤ ከመጣሁበት ከውጭ አገር ነው። ከሆቴሉ መስኮት ትልቅ ሐይቅ ይታየኛል። ብርድ አለ፤ እንደ ጅብራ ሜዳ ብርድ ግን አጥንት አይገባም።

ትናንት ንግግር አደረግሁ። የብዙ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ስጨርስም አጨበጨቡ። አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደውለው አመሰገኑኝ። ከዚህ ከፍ ያለ ቦታ እንደታሰበልኝም ሰምቻለሁ፤ እስኪጸድቅ ድረስ ለማንም አትንገሪ። አገራችን ሴት ልጇን እዚህ ድረስ ማድረሷ ቀላል ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽን ጌትነት ሰጥቶኛል። የጻፍሽልኝን ጉዳይ በአካል ስንገናኝ ብንነጋገርበት ይሻላል። ነገሩ ከዚያ ሆነው ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሪፖርቱ ቀርቦ ጸድቋል፤ የጸደቀ ነገር ደግሞ በአንድ ሰው ቃል አይመለስም። ወደፊት እንዲህ ያለውን ጉዳይ በጽሑፍ ባታደርጊው ደስ ይለኛል። ደብዳቤ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ለአንቺ ዱቄትና ዘይት በጌትነት እንዲላክልሽ አድርጌያለሁ። ለአንቺ ብቻ ነው። ከፈለግሽም ጎንደር ወርደሽ ክረሚ፤ ቁስቋም አካባቢ ቤት ላስፈልግልሽ እችላለሁ። ለእንኳየሁ እንኳን ማርያም ማረችሽ በዪልኝ።

ልጅሽ ባንቺአየሁ

ጅብራ ሜዳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጋ፣ ለሚኒስትር ዴኤታ፤ አዲስ አበባ።

ጤና ይስጥልን። ክብርትነትዎ ከባሕር ማዶ በሰላም መመለስዎን ሰምተናል።

ንግግርዎን በቄስ አስናቀው ራዲዮ አዳመጥነው። ከቅዳሴ በኋላ ስለነበር ሕዝቡ ሁሉ ተቀምጦ ነበር። «ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፤ የተራበ ሕዝብ እሳት አያነድም» የሚለው ቦታ ሲደርስ ቄስ አስናቀው ራዲዮውን ዘጉት። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ቢዞሩብኝ ይሻለኝ ነበር።

በታኅሣሥ የተናገሩትን «ልጄ አላወቀችም» ብዬ ከሰው ሁሉ ተከራክሬልዎ ነበር። በመጋቢቱ ግን ምን ልበል? ጌትነት ደብዳቤዬን አውሮፕላን ሊሳፈሩ ሲሉ በእጅዎ እንደሰጠዎት ነግሮኛል። አውቀው ነው የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ ደጀ ሰላም አልቀመጥም፤ ማኅበርም ቀርቻለሁ። ስገባ ወሬው ይቆማልና። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እኔ ግን ያሳደግኩት ልጅ ያደረገውን ሳስብ አንገቴን የማስገባበት አጣሁ።

የላኩት ዱቄት ደርሷል። ለእኔ ብቻ ነው ቢሉም ለየቤቱ አካፈልነው። የእኔ ድርሻ ከማንም አልበለጠም። ዘንድሮ ሁዳዴው ሳይገባ ነው ስንጾም የከረምነው፤ ስለዚህ አንድ ሰሞን እንደ ፋሲካ ሆኖልን ነበር።

የእንኳየሁ ሕፃን በጾሙ አጋማሽ ዐረፈ። ጡቷ ደርቆ ነበር። መልእክትዎ የደረሰን ከተቀበረ በኋላ ስለሆነ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሉትን አልነገርኳትም።

አያ ባህሩም ከቤቱ ወጥቷል። ወዴት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም። በሩን ዘግቶ ድንጋይ አስደግፎበታል። ስለ በቅሎዋ የሚያወራልን ሰው የለም።

በጽሑፍ እንዳይሆን ስላዘዙኝ ከዚህ ወዲያ አልጽፍም። ሹመትዎን ያጽናልዎ።

ይመኙሽ

ጎንደር፣ ቁስቋም፣ ግንቦት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፤

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ጤናሽን ልጠይቅሽ ስል ራሴን ታዘብኩት።

«እርስዎ» ብለሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብትረግሚኝ እንደዚያ ባላመመኝ። ሌላው ሁሉ «ክብርት» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንቺ ስትዪኝ ግን ልብሴን በአደባባይ የገፈፍሽኝ መሰለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። የየካቲት ደብዳቤሽን አውሮፕላን ላይ አነበብኩት። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መድረክ ላይ ስቀመጥ ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር። ያን ቃል ስናገር ደብዳቤሽ ከእጄ ሥር ነበር ማለት ነው። ያልኩትን መልሼ ብውጥ እንደገና ወረቀት ያገላብጡብኛል ብዬ ፈራሁ። ሹመቴን ፈራሁለት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ጎንደር የመጣሁት ለስብሰባ ነበር። ከተማው መሀል አራዳ ካለ ሆቴል አሳረፉን። ስብሰባው ሳይጀመር ማልጄ ለማንም ሳልናገር ወደ ቁስቋም ወጣሁ። ለጸሎት ነው ብልሽ ውሸት ነው፤ ከሰው ዓይን መሸሸጊያ ፈልጌ ነው። በሩ ላይ ምጽዋት የሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረዋል። ብዙዎቹ የእኛው ደጋ ሰዎች መሆናቸውን ከንግግራቸው አወቅሁ። አንድ ሽማግሌ ሲያየኝ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ጋቢውን የያዘችው እጅ ጠቋሚ ጣት የላትም። የበቅሎዋ ጠፍር የቀረጠፈው ጣት ነው።

«አያ ባህሩ» አልኩት። «አያ፣ እኔ ነኝ፤ ባንቺ።»

«አላየሽኝም ልጄ» አለኝ ከጋቢው ሥር። «እለፊ። ከእኔ ጋር ቆመሽ ሰው እንዳያይሽ።»

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ምነው አያ» አልኩት።

«ጅብራ ሜዳ እንዳትነግሪብኝ» አለኝ። «ዘመድ ቤት ነው ያለው በዪ።»

እታለም፣ እሱ አፈረ። አገር የዋሸሁት እኔ፣ ፊቱን የሸፈነው እሱ። ስለ እኔ ብሎ ሞፈሩን ያነደደ ሰው ስለ እኔ ክብር ተጨንቆ እለፊ ይለኛል። ያን ጊዜ በሰባ ሰባት ድስቱን እያየሁ ስጠብቅ የነበረው ትዝ አለኝ። ሽታ የለውም ነበር። የሚበስል ነገር ይሸታል። እንኳየሁ ቤትም ሽታ አልነበረም፤ አፍንጫዬ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማ ብዬው ነው እንጂ።

ከዚያው ወደ ስብሰባው ሄጄ ተራዬ ሲደርስ ንግግሬን አላነበብኩም። «በታኅሣሥ ጅብራ ሜዳ ያየሁት የባዶ ድስት ጭስ ነበር። እኔ እንዳላፍር ሕዝቡ የእርሻ ዕቃውን አነደደ፤ የዘር እህሉን አበላን። ከውጭ አገር ስናገር ይህን አውቅ ነበር። ሕፃን ሞቷል። ሰዎቹ አሁን ቁስቋም በር ላይ ናቸው፤ ሄዳችሁ እዩ» አልኩ። ያጨበጨበ የለም። ሰብሳቢው ሰዓቱን አይተው «ሻይ ብንጠጣ» አሉ። ጋዜጠኞቹ ግን ካሜራቸውን ይዘው ሽቅብ ወደ ቁስቋም ሮጡ። አያ ባህሩን ቀድሜ ከዚያ አስነስቼው ነበር፤ ፊቱ አልታየም።

ከኃላፊነት መነሳቴን በስልክ ነገሩኝ። ያ ከፍ ያለ ቦታ የተባለውም አብሮ ቀረ። ሾፌሩ መኪናውን ሊመልስ ሲሄድ ቦርሳዬን አውርዶ ሰጠኝና ዓይኔን ሳያይ ሄደ። አሁን ቁስቋም ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ከአያ ባህሩ ጋር እኖራለሁ። እህሉ መጫን ጀምሯል ይላሉ። መድረሱን ግን ካንቺ አፍ ካልሰማሁ አላምንም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ራሱ አያ ባህሩ ነው። ዘር ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። የት እንዳገኘሁት መጻፌን አያውቅም፤ አንቺም እንዳላወቀ ሁኚ።

እኔ ልምጣ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። የእንኳየሁን በር በምን እግሬ እረግጠዋለሁ? አፍሬያለሁ፣ እታለም።

ባንቺ

ጅብራ ሜዳ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለባንቺ፤

አጥንትሽን ያለምልመው፤ ከሰው ዓይን የወደቀውን የሚያነሣ ጌታ አንቺንም ያንሣሽ። አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩ።

እህሉ ደርሷል። ካንቺ ካልሰማሁ ስላልሽ ነው የምነግርሽ፤ በእጄ ዘግኜ፣ በጥርሴ ሰብሬ ነው ያየሁት። ለጅብራ ሜዳም፣ ከበታቻችን ላሉትም ደርሷል። ዘግይቷል። ስለ መዘግየቱ ግን እኔና አንቺ የምንጠየቀው አለ፤ ይህን ልሸፍንልሽ አልችልም።

አያ ባህሩ በደኅና ገባ። «ዘመድ ቤት ከረምኩ» አለን። «ዘመዶችህ ደኅና ናቸው?» አልነው። ከዚያ በላይ የጠየቀው የለም፤ የሚጠይቅም አይኖርም። ቄስ አስናቀው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አንድ ወይራ ሰጥተውት አዲስ ሞፈር ጠርቧል። ጥንድ በሬ ከቆላ ሰዎች ተውሰን ገብሱን ዘራን፤ ዝናቡ እስካሁን ሸጋ ነው። ስለ በቅሎዋ ማውራት ጀምሯል። አሁን ታዲያ «ሚኒስትሯን ኮርቻ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አይልም። «ባንቺን» ነው የሚለው።

ሰው ሁሉ ይቅር ብሎሻል ብዬ አልዋሽሽም። «ተናገረችልን» የሚል አለ። «ሕፃኑ ከመሞቱ በፊት ብትናገር ምን ነበረበት» የሚልም አለ። እኔም ደጀ ሰላም መቀመጥ የጀመርኩት ገና ባለፈው እሑድ ነው። በሕዝቡ ፊት ተነሥቼ «እሳቱን አንድዱ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ልጅቷን ብቻ አትውቀሱ» አልኩ። ተናግሬ ስጨርስ እንኳየሁ ናት ክንዴን ይዛ ያስቀመጠችኝ።

ትናንት ደግሞ ውኃ ስንቀዳ መጥታ መልእክት ላከችብሽ። «ባንቺ ስትመጣ መጀመሪያ እኔ ቤት ትግባ። እንግዳ አይደለችምና ድስቴን በእጇ ትክፈት» አለችኝ። የቁጣ ይሁን የይቅርታ አልጠየቅኋትም። ፊቷን አይቼም አላወቅሁም።

ስለዚህ ነይ። መኪና የለሽም፤ ከደባርቅ ጀምሮ አያ ባህሩ ሰው ይልክልሻል። ጉብታው ላይ ስትደርሺ ቁሚና ጠብቂኝ። እንኳየሁ ቤት ብቻሽን አትገቢም፤ እሳቱን ያስነደድኩት እኔ ነኝና አብሬሽ እገባለሁ።

አክስትሽ ይመኙሽ